ብሩን ከባለሙያው አትነጥሉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰኔ ሲገባ በየመሥሪያ ቤቱ የሚታወቅ ሩጫ አለ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልወጣ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በደብዳቤ ሲንከባለል የቆየው የማኅበራት ድጋፍ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ይፈረማል፣ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሣበታል። ጎንደርም ከዚህ አላመለጠችም። ገንዘቡ መለቀቁ ደስ ይለናል፤ ይቁም የሚል ሐሳብ የለንም። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ለማኅበር የሚሰጥ ገንዘብ፣ ብድርም ይሁን እርዳታ፣ ሥራውን ሁለት ዓመት የሚከታተል ባለሙያ አብሮ ካልተመደበለት ብሩም ማኅበሩም ይጠፋሉ። ለባለሙያው የሚበቃው ደግሞ ከ100 ብር 10 ብር ነው።

ነገሩ በአንድ ምሳሌ ይታይ። አሥራ አምስት ሴቶች በባልትና ተደራጅተዋል እንበል፤ ሥራቸው በርበሬ ነው። 300,000 ብር ብድር አገኙ፤ በ260,000 ብር ወፍጮ ገዙ፤ 40,000 ብር ለጥሬ ዕቃ ተረፋቸው። በጎንደር ሼዶች የተለመደው አካሄድ ይኸው ነው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የያዝናቸው ናቸው፤ አንባቢ የዕለቱን ዋጋ እያስገባ ይሥራቸው፤ ስሌቱ አይለወጥም።

ዛላ በርበሬ ኪሎው 400 ብር ቢሆን በ40,000 ብር 100 ኪሎ ይገዛል። ብዙ ማኅበር የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ዛላው ይለቀማል፣ ይቀነጠሳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይፈጫል። ግንዱ፣ የተበላሸው፣ እርጥበቱና ብናኙ ሲወጣ 80 ኪሎ ዱቄት ቢገኝ ኪሎው 400 ብር መሆኑ ቀርቶ 500 ብር ሆኗል። ቅመሙን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ለጊዜው እንተዋቸው። ለመቀንጠሻ ጉልበት 3,000፣ ለመፍጫና ለማጓጓዣ 2,000፣ በኪሎ 30 ብር ሒሳብ ለማሸጊያ 2,400 ብር ይውጣ። ድምሩ 47,400 ብር ነው፤ ለ80 ሲካፈል ኪሎው 592 ብር ከ50 ሳንቲም ይመጣል። ማኅበሩ ግን «በ400 ገዝተን በ550 ሸጥን፣ 150 አተረፍን» ይላል። እውነቱ በየኪሎው 42 ብር ከ50 ሳንቲም መክሰሩ ነው፤ ከ80ው ኪሎ 3,400 ብር።

ይህ ኪሳራ ወራት ሳይታወቅ የሚቆይባቸው ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው፣ አባላቱ ራሳቸው ስለሚቀነጥሱ ጉልበታቸውን በወጪ አይጽፉም። ሁለተኛው፣ መሳቢያው ውስጥ የብድሩ ገንዘብ ስላለ ብር የጠፋ አይመስልም። ብድሩ ኪሳራውን እየሸፈነ ያልቃል። ይህን ለማግኘት የሚያስፈልገው አንድ ሚዛንና አንድ ቀን ነው፦ ሲገዛ መመዘን፣ ሲቀነጠስ መመዘን፣ ሲፈጭ መመዘን፣ ሦስቱን ቁጥር ከወጪው ጋር በአንድ ወረቀት ማስቀመጥ። የሒሳብ ባለሙያ ሼዱ ድረስ ካልመጣ በአዳራሽ በሚሰጥ የአምስት ቀን ሥልጠና ይህ አይገኝም።

አሁን ዋጋውን አስተካክለው በ650 ብር ሸጡ እንበል። ትርፉ በኪሎ 57 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ብድሩ በሦስት ዓመት፣ በ15 በመቶ፣ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ እየተሰላ በየወሩ እኩል የሚከፈል ከሆነ ወርኃዊው ክፍያ 10,400 ብር ገደማ ነው። 10,400ን ለ57.50 ብናካፍል 181 ይመጣል። ማለትም ዕዳውን ብቻ ለመክፈል፣ ለአባላት የትርፍ ድርሻ አንድም ሳንቲም ሳይተርፍ፣ በወር 181 ኪሎ መሸጥ አለባቸው። ምን ያህል መሸጥ ይችላሉ? ገዝቶ፣ አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ ለሱቅና ለሆቴል በዱቤ ሰጥቶ ገንዘቡን እስኪሰበስቡ 60 ቀን ይወስዳል ብንል፣ በእጃቸው ያለው 40,000 ብር በሁለት ወር አንዴ ብቻ ይዞራል። 80 ኪሎ በሁለት ወር፣ 40 ኪሎ በወር። ትርፉ 2,300 ብር፤ ክፍያው 10,400። ማኅበሩ ዕዳውን መክፈል እንደማይችል ብሩ ከመለቀቁ በፊት በወረቀት ላይ ይታይ ነበር፤ ግን ያሰላው ሰው አልነበረም። በኋላ «አባላቱ ሥራ አይወዱም» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በጣም ያሳዝነናል።

በወር 181 ኪሎ ለመሸጥ የሁለት ወር፣ ማለትም 362 ኪሎ ዱቄት የሚያስገኝ 452 ኪሎ ተኩል ዛላ ያስፈልጋል። ዛላው 181,000፣ ሌላው ወጪ 33,500 ብር ገደማ፣ በድምሩ 214,500 ብር። ስለዚህ ለዚህ ማኅበር ወፍጮ መግዛት የመጀመሪያው እርምጃ አልነበረም። አንደኛው ዓመት በሰው ወፍጮ እየከፈለ ያስፈጭ፤ ብድሩን በ214,500 ብር ይገድብ፤ ክፍያው ወደ 7,440 ብር ይወርዳል፤ 130 ኪሎ ዕዳውን ይሸፍናል፤ ከዚያ በላይ የሚሸጠው ኪሎ ሁሉ የአባላቱ ነው። በዚህ መሐል እያንዳንዷ አባል በወር 500 ብር ብትቆጥብ በሰባት ወር 52,500 ብር ይጠራቀማል። ይህ የዚያው የ260,000 ብር ወፍጮ 20 በመቶ ነው፤ 20 በመቶ መዋጮ ደግሞ የመሣሪያ ሊዝ የሚሰጡ፣ ማለትም መሣሪያ ገዝተው በኪራይ መልክ የሚያስረክቡ፣ ተቋማት በአብዛኛው የሚጠይቁት ነው። በሊዝ ሲሆን መሣሪያው ራሱ ዋስትና ነው፤ ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ባለቤትነቱ በአከራዩ እጅ ይቆያል። ገበያው ከተረጋገጠ በኋላ ወፍጮው ቢመጣ ሥራ ፈት ሆኖ አይቀመጥም።

ስለ ወለዱ አንድ ነገር ሳንጨምር አናልፍም። አባላት «ወለዱ 15 በመቶ ነው» ሲባሉ ውሉ ላይ የሚፈርሙት በምን ላይ እንደሚሰላ ሳይጠይቁ ነው። ያው 300,000 ብር፣ ያው ሦስት ዓመት፣ ያው 15 በመቶ፣ ወለዱ ሁልጊዜ በመነሻው ብድር ላይ ከተሰላ 135,000 ብር ወለድ ይከፈላል፤ በቀሪው ዕዳ ላይ ከተሰላ 74,400 ብር ገደማ። ልዩነቱ 60,000 ብር ያልፋል። ከፊርማ በፊት የክፍያ ሠንጠረዡ በወር በወር ተዘርዝሮ ይሰጠን ማለት የተበዳሪ መብት ነው፤ ሠንጠረዡን የሚያነብ ሰው አብሮ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ሰኔው እንመለስ። ዛላ በርበሬ ገበያውን የሚሞላው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ የሚረክሰውም፣ በደንብ የሚደርቀውም ያኔ ነው። ገንዘቡ የሚወጣው ግን ሰኔ ላይ ነው። ማኅበሩ በክረምት መግቢያ በተወደደ ዋጋ ይገዛል፤ የጎንደር ዝናብ በላዩ ላይ ይወርድበታል፤ ማስጫ ፀሐይ አያገኝም። እርጥብ ዛላ በጆንያ ታስሮ ሲቀመጥ ይሻግታል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ ደግሞ በተራ ምግብ ማብሰያ ሙቀት አይጠፋም። ቀይ ቀለሙ ሻጋታውን ስለሚሸፍነው ከተፈጨ በኋላ በዓይን ማወቅ ያስቸግራል። ለዚህ ነው ፍተሻው በዛላው ላይ መሆን ያለበት፦ ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ የሚሰበር፣ ሲወዘውዙት ፍሬው የሚንሿሿ ዛላ ደርቋል፤ የሚለመጠው ወደ ወፍጮ አይሄድም። ጥቂት ዛላ ቀዶ ውስጡን ማየትም ነው፤ ግራጫ ወይም ጥቁር ብናኝ ከታየ ከረጢቱ እንዳለ ይለያል።

ስለዚህ የባልትና ማኅበራት ገንዘብ ከጥቅምት መጨረሻ ሳያልፍ ይለቀቅ። ዐቢይ ጾምና ፋሲካ የሽሮና የበርበሬ ገበያ ናቸው፤ ለዚያ የሚደርሰው በኅዳር የተገዛው ነው። ለሸክላ ሠሪዎች የወሩ ስሌት ሌላ ነው። ጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ ለጎብኚ የሚሠራው ትናንሽ ቅርጽ ጎብኚ ሲቀዘቅዝ ይከመራል፤ ጀበናና ምጣድ ግን የከተማው ሰው ዓመቱን ሙሉ ይገዛል። ለእነርሱ ከመሣሪያ ይልቅ የሚያስፈልገው ክረምት ሳይገባ የደረቀ ማገዶና ሸክላ የሚያከማቹበት ጣራ፣ ሲጓጓዝ የሚሰበረውን የሚቀንስ ጭድ የተሞላ ሳጥን፣ ለጥምቀትም ከታኅሣሥ በፊት የሚገባ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ነው። አንድ ዓይነት ቅጽ ለሁሉም ማኅበር መስጠት ይህን ሁሉ ያጠፋል።

ስለ ወፍጮው ራሱ ደግሞ የምናየው ጥፋት ብዙ ነው። ግዢው በሦስት ፕሮፎርማ (የሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ) ይወዳደራል፤ ያነሰው ያሸንፋል። ፕሮፎርማው ላይ ተከላ፣ የሁለት ቀን የአሠራር ሥልጠና፣ የአንድ ዓመት ዋስትና፣ ሁለት ትርፍ ቺንጋ፣ አንድ ጥንድ ኩሽኔታ፣ ሁለት ወንፊት በስም ተዘርዝረው ካልገቡ ያነሰው ዋጋ ያነሰ አይደለም። ወንፊት በተበሳ ቁጥር ሥራ ለሳምንት ከቆመ ክፍያው አይቆምም።

ከሁሉ በፊት የመብራት ጉዳይ ይጣራ። አሥር የፈረስ ጉልበት ሞተር 7.5 ኪሎ ዋት ገደማ ነው፤ ሦስት ፌዝ፣ ማለትም በሦስት የኃይል ሽቦ የሚመጣ መብራት፣ ይፈልጋል። ሼዱ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ከሌለው፣ ወይም ትራንስፎርመሩ ከሞላ፣ ወፍጮው ወራት ላስቲኩ ሳይፈታ ይቀመጣል፤ የብድሩ ወር ግን ይቆጥራል። ማመልከቻው ከግዢው በፊት ይግባ፤ የመብራቱ መልስ በጽሑፍ ሳይመጣ ለሻጭ ቅድመ ክፍያ አይከፈል። መብራት ሲመጣና ሲሄድ ደግሞ አንዱ ፌዝ ብቻ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ሞተሩ ወዲያው አይቆምም፤ በሁለቱ ፌዝ እየጎተተ፣ ከተለመደው አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ከረንት እየሳበ፣ እያጉረመረመ በደቂቃዎች ውስጥ የሽቦ ጥቅሉ ይቃጠላል። ብሬከሩ የተመረጠው ለሽቦው ስለሆነ ይህን ብዙ ጊዜ አያቋርጥም። መከላከያው ፌዝ ሲጠፋ የሚያቋርጥ ሪሌይና በሞተሩ ስም ሰሌዳ ላይ በተጻፈው አምፔር ልክ የተስተካከለ፣ ከረንቱ ከልክ ሲያልፍ የሚያቋርጥ ኦቨርሎድ ነው። ሁለቱም ሞተር ከማስጠቅለል በብዙ እጥፍ ይረክሳሉ፤ ፕሮፎርማ ውስጥ ግን አይታዩም፤ ምክንያቱም የሚጠይቅ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አልነበረም። ሲያጉረመርም የሰማ ኦፕሬተር መጀመሪያ ያጥፋ፤ ደግሞ ለማስነሣት አይሞክር።

መዝገቡን በተመለከተ ብዙ አያስፈልግም። ገቢና ወጪ በየቀኑ የሚጻፍበት አንድ፣ ዱቤ ማን ዘንድ እንዳለ የሚያሳይ አንድ፣ ዕቃው ሲገባና ሲወጣ የሚመዘገብበት ካርድ አንድ። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን መዝገቡና የባንኩ ወረቀት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይመሳከሩ። ዕቃ የምትይዘው ሴት ገንዘብ አትያዝ። ከቅዳሜ ገበያ የሚገዛው ዛላ ደረሰኝ ስለሌለው ግብር ሲመጣ ወጪው አይያዝላቸውም፤ ስለዚህ የሻጩ ስምና ቀበሌ፣ መጠኑ፣ ዋጋውና ፊርማው ያለበት የግዢ ማረጋገጫ በዚያው ቀን ይሞላ፤ ቅጹንም አስቀድሞ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት አሳይቶ ይሁን ማሰኘት ይበጃል። እድር ይህን ሥርዓት ያውቀዋል፦ ዳኛው ሌላ፣ ጸሐፊው ሌላ፣ ገንዘብ ያዡ ሌላ። ማኅበር ሲቋቋም ይህ የአገር እውቀት ለምን እንደሚረሳ አይገባንም።

በመተዳደሪያ ደንብ ላይ የሚፈጠረው ክፍተት ደግሞ ማኅበሩን በሦስተኛው ዓመት ያፈርሰዋል። አሥራ አምስት ሆነው ተመዝግበው ስድስት ሲቀሩ፣ የወጡት ዘጠኝ ስማቸው ስላልተሰረዘ ዕዳውም ድርሻውም በስማቸው ነው፤ ለአዲስ ብድር ፊርማቸው ይፈለጋል፤ አንዷ አረብ አገር ሄዳለች፣ አንዷ ሞታለች። ደንቡ በመጀመሪያው ቀን ሊመልስ የሚገባው፦ አባል ስትወጣ ድርሻዋ በምን ዋጋ፣ በስንት ወር ይከፈላል፤ ስትሞት ወራሽ ገንዘቡን ብቻ ነው ወይስ አባልነቱንም ይወስዳል፤ ስንት ቀን ያለ ፈቃድ የቀረች ትሰረዛለች። የአደረጃጀቱም ምርጫ በችኮላ አይሁን። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚቋቋመው አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው፤ በ2013ቱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ የሚቋቋም ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ድምፁ እንደ ድርሻው ነው። እኩል የሚሠሩ ሰዎችና እኩል ያላዋጡ ሰዎች የሚፈልጉት ቅርጽ አንድ አይደለም።

ዋስትና የለንም ብለው የሚመለሱ ማኅበራትም አሉ። በሚንቀሳቀስ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሣሪያ፣ በመጋዘን ያለ ምርት፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ገንዘብ ጭምር በዋስትና እንዲያዝ ፈቅዷል። ባንኩ ግን ዝርዝሩን በመዝገብ ይፈልጋል፤ የዕቃ ካርድና የዱቤ መዝገብ የሌለው ማኅበር በዚህ አዋጅ ሊጠቀም አይችልም። መዝገቡን ያዘጋጀ ባለሙያ ቤት በዋስትና ያስያዘላቸው ያህል ነው።

«ለባለሙያ የሚከፈል ከየት ይመጣል?» ለሚለው የምንመልሰው በቁጥር ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በየ15 ቀኑ፤ በሁለተኛው ዓመት በወር አንዴ። በድምሩ 42 ገደማ ጉብኝት ነው። አንድ ባለሙያ አሥር ማኅበራት ቢይዝ በመጀመሪያው ሦስት ወር ሳምንቱ ልክ ይሞላለታል፤ ከአሥር በላይ ከተሰጠው ግን ፊርማ ሰብሳቢ ይሆናል። የእያንዳንዱ ማኅበር 30,000 ብር (የ300,000ው 10 በመቶ) ሲደመር በ24 ወር 300,000 ነው፤ በወር 12,500 ብር። ድጋፉ እርዳታ ከሆነ ይህ ከውስጡ ይቀነስ፤ ብድር ከሆነ ግን ከአባላቱ ዕዳ ላይ አይጨመር፣ ደጋፊው መሥሪያ ቤት በጀት ይያዝለት። ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችም «የአስተዳደር ወጪ 20 በመቶ እንዳያልፍብን» ብለው ባለሙያውን ይቆርጣሉ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዘው ነው፤ ሼድ ውስጥ ሚዛን ይዞ የሚቆም የሒሳብ ሰው ሥራው ራሱ ፕሮጀክቱ ነው።

ሰውም በከተማው አለ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎት አራት ማዕቀፍ አለው፦ የቴክኒክ ክህሎት፣ ኢንተርፕረነርሺፕ፣ ካይዘን (አሠራርን በየጊዜው ማሻሻል) እና ቴክኖሎጂ። የጎደለው የትራንስፖርት ገንዘብና ለአንድ ሰው የሚመደበው ማኅበር ቁጥር ላይ ጣሪያ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የሒሳብ ተማሪዎቹን ለማኅበረሰብ አገልግሎት ቢያሰማራ የወር መዝጊያውን ሒሳብ ከባንኩ ወረቀት ጋር ማመሳከር ይችላሉ፤ ነገር ግን በባለሙያ ሥር ሆነው፤ በየሴሚስተሩ የሚለዋወጥ ተማሪ ብቻውን የማኅበር ሒሳብ አይያዝ። ባለሙያውም ገንዘብ አይያዝ፣ ቼክ አይፈርም፤ ማኅበሩ ካልተስማማው በቃለ ጉባኤ እንዲቀየርለት መጠየቅ ይቻለው። ክፍያውም የሚለቀቀው በፊርማ መዝገብ መሆን የለበትም፤ የወሩን የባንክ ማመሳከሪያና የአንድ ኪሎ ዋጋ ስሌት ሲያስረክብ ነው።

የከተማችን የሚመለከታቸው ጽሕፈት ቤቶች የሐምሌውን በጀት ሲያዘጋጁ «የባለሙያ ክትትል» የሚል የራሱ መስመር ይክፈቱ፤ ከገንዘብ መልቀቂያው ቅጽ ጋርም አንድ ገጽ ያያይዙ። ገጹ የሚጠይቀው ይህን ነው፦ ጥሬ ዕቃው የሚረክሰው በየትኛው ወር ነው? ከተገዛው 100 ኪሎ ስንት ኪሎ ይወጣል? አንድ ኪሎ ስንት ይፈጃል? ገንዘቡ በስንት ቀን ይመለሳል? ወርኃዊው ክፍያ ስንት ኪሎ ሽያጭ ነው? መብራቱ በጽሑፍ ተፈቅዷል? የሚከታተለው ባለሙያ ማን ነው፣ ስልኩስ? አንዱ መስመር ባዶ ከሆነ ቼኩ አይፈረም።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
በማኅበራት ሒሳብና በቴክኒክ ምክር ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
ጎንደር